አባ ሞገድ

ኮርቻ ሰፊ ነኝ ከሽምብጥ ሰፈር፣
ባጃጅ ከሚጠግኑት ተጠግቼ በአጥር።
ጅማት በሰም አሽቼ፣ መርፌ ይዤ በጥርሴ፣
የሰው ፈረስ ሳለብስ፣ እግረኛ ነኝ ራሴ።
ውስጡን የምሞላው በጣና ደንገል ነው፣
ታንኳ ሠሪ መርጦ አይሆንም ባለው።
ደረቅ ደንገል ሲረገጥ ውስጥ ውስጡን ያፏጫል፣
ፈረሱ ሲሮጥበት ሐይቅ የተጫነ ይመስላል።

ሞገድ የመጣ ዕለት፣ ከዳንግላ በአይሱዙ፣
«ይሄ ነው ወይ?» አሉ ያዩት ሰዎች ብዙ።
ዳማ ነው፤ ግንባሩ ላይ የነጭ ጣት ፈለግ፣
አንገቱ ቀጭን፣ ዐይኑ አንዳች የሚፈልግ።
ይበልጣል ነው የገዛው፣ የቆርቆሮ ነጋዴ፣
እግሩ እርካብ ረግጦ የማያውቅ አንዴ።
ግን ሰው በፈረሱ ይጠራል ባገራችን፣
«አባ ሞገድ» አልነው ገና ሳይሮጥልን።
በሳምንቱ ሱቁ ላይ በቀይ ቀለም ተጻፈ፦
«አባ ሞገድ ብረታ ብረት»፤ ሰው እያየ አለፈ።

ጥር ነው። ሐይቁ ሸሽቶ የተወው ሜዳ
ሠርገኛ ሞላበት፣ ሞላበት እንግዳ።
ገብስ በቁና ሰፋሪ፣ ቢራ በሳጥን፣
ጥላ የምታከራይ ሴት፣ በአሥር ብር አንዱን፣
ባርኔጣ ይዞ የሚዞር የውርርድ ዳኛ፤
«የሞገድ! የቡላው! ማን አለ ሦስተኛ?»
ሁሉም ከአንድ ጀርባ ላይ እንጀራ ቆራሽ ነው፤
እኔም አለሁበት፣ ቀድሜ የዳሰስኩት ሰው።
ጋላቢው አይቸው ነው፤ ዕድሜው አሥራ አራት፣
ደመወዙ ጫማ፣ ካሸነፈ ጃኬት።

ከዚያ ጨርቁ ወደቀ።

እንዴት ልንገራችሁ?
መጀመሪያ ዝም ነው፤ ምድር ትንፋሽ ውጣ፣
ከዚያ ከእግር ጣትህ ሥር ድምፁ ሲመጣ፣
በጆሮህ አይደለም፣ በጉልበትህ ትሰማለህ፣
ብድርህን፣ ኪራይህን፣ ስምህን ትረሳለህ።
አራቱም ኮቴ አየር ላይ የሚሆኑባት
አንዲት ቅጽበት አለች፤ እርሷን ነው የምንገዛት።
ሰው ሁሉ አንገት ሲያይ እኔ ስፌት አያለሁ፣
«ያዝ፣ አትላላ» እያልኩ ክሬን እለምናለሁ።

ሞገድ በአንገት ቀደመ። ባርኔጣው ተገለበጠ።
ይበልጣል እያለቀሰ ለማያውቀው ቢራ ሰጠ።
ፈረሱን ማን አየው?
አይቸው ብቻ ጀሪካን ይዞ፣
ዛሬ ያሸነፈውን ጃኬት
ላብ ባጠመቀው ጀርባ ላይ ጣለለት።

ሦስት ጥር ሮጠ። በአራተኛው አነከሰ።
ለጋሪ ተሸጠ፤
ጋሪ ላይ ፈረስ ነበር፣ ባጃጅ መጣ፣ ፈረሰ።

ትናንት ሌሊት ከዘንባባው ሥር፣ አስፋልቱ መሐል፣
መኪና እየዞረው አንድ ፈረስ ቆሞ ያንቀላፋል።
መብራት አልነበረም። ግንባሩን አላየሁም።
እጄ ነው ያወቀው፤ ስሙን አልጠራሁም።
ከትከሻው ኋላ፣ ዝቅ ብሎ፣
ገጣባ አለ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ደርቆ።
የኔ ስፌት ነው። አሥራ አንደኛዋ ክር።
ቸኩዬ ነበር ያን ለት፣ የሠርግ ሥራ ነበር።

«ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» ይባላል፤
እሱስ አድርሶናል፤ እሱን ማን ያደርሳል?
ይበልጣል ዛሬም አባ ሞገድ ነው ስሙ፣
ታፔላው መብራት ገባለት፣ ታደሰ ቀለሙ።
ፈረሱን ግን ሞገድ ብሎ የሚጠራው የለም፤
«ሂድ! ውጣ ከመንገድ!» ነው የሚሉት ሁሉም።

ጠዋት አንድ ሰው መጣ፣ ከቲሊሊ፣
ገና ያልተገራ ጥቁር ፈረስ እየሳበ።
ለጥር ኮርቻ ይፈልጋል፣ ቀብድ ይዟል።
ጀርባውን በስንዝር ለካሁ፤ ይንቀጠቀጣል፤
ቆዳው እንደ ውሃ ነው፣ እጅ ሲነካው ይሸሻል።
ብሩን ቆጠርኩ። ቀኑን ተነጋገርን።
መርፌዬን በጥርሴ ያዝኩ።
አሥራ አንደኛዋ ላይ ስደርስ
ፈታኋት፣
ደግሜ ሰፋኋት፣
ፈታኋት።